ኀዘንተኛን ስለ ማጽናናት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከመከራ ተጠብቆ አያልፍም፤ ባለጠጋው በሀብቱ፥ ኃይለኛው በጕልበቱ፥ ሊቁም በትምህርቱ ሞትን ከደጁ አይመልሰውም። የሃይማኖት ሰው ከሌላው የሚለየው መከራ ስለማያገኘው አይደለም፤ መከራ ባገኘው ጊዜ ወደ ማን እንደሚጮኽ ስለሚያውቅ ነው እንጂ። ይህ በመጽሐፍ የታወቀ፥ በየዐውደ ምሕረቱም የተሰበከ ስለ ሆነ ክርክር የለበትም። ክርክር ያለበትና በየለቅሶው ቤት ሳይመረመር የሚያልፈው ነገር ግን ሌላ ነው። ይኸውም፤ የተጨነቀውን ሰው ሊያጽናና የሄደ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ጎረቤትም ቢሆን፥ መከራው ስለ ምን እንደ መጣ ሊናገር ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ያዘነ ሰው በኀዘኑ ቀን የሰማውን ቃል በቶሎ አይረሳውምና አንዲት ቃል ብዙ ዘመን ታቈስለዋለች፤ ወይም ብዙ ዘመን ታሳርፈዋለች። ስለዚህ በአሳብ ብቻ ከመከራከር ይልቅ በአንድ አገር የደረሰውን ነገር በፊት አስቀምጦ መመርመር ይሻላል።

ሀደሮ በከምባታ ምድር፥ ከወላይታ ጋራ በሚዋሰነው ወገን ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚኖረው ገበሬ በጓሮው እንሰት ይተክላል። እንሰት ለመድረስ አያሌ ዓመት የሚፈጅ፥ ድርቅንም የሚታገሥ ተክል ስለ ሆነ የቤቱ መተማመኛ እርሱ ነው፤ ሴቶቹ ፍቀው በጕድጓድ ያብላሉታል፥ ቆጮም ሆኖ ቤተ ሰቡን ይመግባል። ገንዘብ የሚያይበት ሰብል ግን ለብዙ ዘመን ዝንጅብል ነበረ። የልጅ ትምህርት፥ የቤት ክዳን፥ የሰርግና የተዝካር ወጪ ከዝንጅብሉ ይገኝ ነበር። በ2004 ዓ/ም ክረምት በደቡብ ኢትዮጵያ ዝንጅብል በሚበቅልበት አገር አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገባ። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቢጫ ሆነ፤ አገዳው ዘመመ፤ ሥሩም በመሬት ውስጥ ሳለ በሰበሰ። ማሳውን አርሞ ኰትኵቶ ለገበያ ቀን ሲቈጥር የነበረ ገበሬ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ባዶ እጁን ቀረ።

እንዲህ ባለ ጊዜ፥ ይህ የቁጣ ምልክት ነው፤ ሕዝቡ ስለ በደለ ነው፤ የሚል ሰው በየትም አገር አይጠፋም። የሚናገረውም ለክፋት ላይሆን ይችላል፤ ለእግዚአብሔር የቆመ መስሎት ነው። ነገር ግን በሽታው ባክቴሪያ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ነፍሳት የሚመጣ፥ በአፈርና በጎርፍ፥ ይልቁንም ለዘር ተብሎ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው በሚሄደው ዝንጅብል የሚተላለፍ ነው። መከላከያውም ንጹሕ ዘር መፈለግ፥ የታመመውን ማሳ ለዝንጅብል አለመመለስና ሰብልን ማፈራረቅ ነው። እንግዲህ፥ ይህ ስለ ኃጢአትህ ነው፤ የተባለው ገበሬ ሁለት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛው፥ ያላደረገውን በደል ሲፈልግ ነፍሱ ትታወካለች፤ ሁለተኛው፥ የበሽታውን መንገድ ስላላወቀ ያንኑ የታመመ ዘር መልሶ ይተክላል። ያለ ዕውቀት የተነገረ ምክንያት ነፍስንም እርሻንም እንደሚጎዳ ከዚህ ይታያል።

የዝንጅብሉ ነገር የንብረት ጉዳት ስለ ሆነ በጊዜ ይረሳል ይባል ይሆናል። ሁለተኛው መከራ ግን ከዚህ እጅግ የሚከብድ ነው። ከሆሳዕናና ከሐድያ፥ ከከምባታም ከተሞች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት ይበልጣል። መንገዱ በሞያሌ በኩል ኬንያን፥ ታንዛኒያን፥ ከዚያም ማላዊን ወይም ዛምቢያን ወይም ሞዛምቢክን እያቋረጠ የሚሄድ ነው። አባት በሬውን ይሸጣል፥ መሬቱን በመያዣ ይሰጣል፥ ከዘመድ ይበደራል፤ ገንዘቡንም ለደላላ ይከፍላል። ደርሰው ሱቅ የከፈቱ፥ ለወላጆቻቸው ቤት ያሠሩ፥ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በመንገድ የቀሩም አሉ። በመጋቢት 2012 ዓ/ም በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው ክፍለ አገር፥ ከማላዊ በመጣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን አየር አጥተው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በታኅሣሥ 2015 ዓ/ም ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩም የአገሩ ፖሊስ ተናገረ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቍጥር ልጁ በመንገድ ያለበት ቤት ሁሉ፥ የማን ይሆን? እያለ ይጨነቃል።

እንግዲህ በሀደሮ ወይም በአንዲት የከምባታ መንደር መርዶ የደረሰው አንድ አባት በአሳብ ይታይ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንደ እርሱ ያሉት ብዙዎች ናቸውና። መርዶው የመጣው በስልክ ነው። ሬሳ የለም፤ የሚገነዝም፥ የሚቈፈርም ነገር የለም። በድንኳኑ መካከል ፎቶግራፉና ልብሱ ብቻ ተቀምጠዋል። እናቲቱ፥ ፊቱን ሳላይ እንዴት ሞተ እላለሁ? እያለች ትጮኻለች። አባትየው ግን አይጮኽም፤ መሬት መሬት ያያል። በልቡ ያለው አንድ ነገር ነው፤ በሬውን የሸጥሁ እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን በእጄ ቈጥሬ የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ይላል።

ወደዚህ ሰው ሦስት ዓይነት አጽናኞች ይመጣሉ። አንደኛው፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውና አታልቅስ ይለዋል። ሁለተኛው፥ በፊቱ ባይደፍር ከድንኳኑ በስተኋላ፥ ገንዘብ መውደድ ያመጣው ነው፤ ይላል። ሦስተኛው፥ ለበጎ ነው፤ እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም፤ ይለዋል። የሦስቱም ቃል ልዩ ልዩ ይምሰል እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም መከራው ስለ ምን እንደ መጣ እናውቃለን ይላሉ።

መጻሕፍት ግን ይህን ዕውቀት ለአጽናኝ አልሰጡትም። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከሠሩት ሥራ ሁሉ የተሻለው ይህ ነበረ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን፥ ሳትበድል አልተቀጣህም፤ እያሉ ቍስሉን ይነካኩት ጀመር፤ ንግግራቸውም ሥርዓት ያለው፥ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆመ ይመስል ነበር። በፍጻሜው የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነዚህ በጠበቆቹ ላይ ነው። ፈጣሪውን እየተከራከረ ያለቀሰው ኢዮብ ግን ቅን ነገር የተናገረ ተብሎ ለእነርሱ እንዲጸልይ ታዘዘ።

በወንጌልም እንዲሁ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፥ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ብለው ጠየቁ። ጌታ ከሁለቱ አንዱንም አልተቀበለም፤ በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ቀባው፥ ወደ ሰሊሆምም ሰደደው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ራሱ ተናገረ። አልዓዛር በሞተ ጊዜ ደግሞ ወደ ቢታንያ የመጣው ሊያስነሣው ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሕይወት እንደሚያየው እያወቀ የማርያምን እንባ ባየ ጊዜ አለቀሰ። የሚያስነሣው እርሱ ካለቀሰ፥ ማስነሣት የማይችል ሰው ኀዘንተኛውን አታልቅስ የሚለው በምን ሥልጣን ነው?

ነገር ግን፥ ጌታ ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነግሯት የለምን? እንግዲህ ዝም ማለት ብቻ ማጽናናት ነው ማለት ስሕተት አይሆንምን? የሚል ቢኖር፥ ተቃውሞው እውነተኛ ነው፤ መልሱም የነገሩ ሁሉ መፍቻ ይሆናል። ተስፋን መንገር ሌላ ነው፤ ምክንያትን መንገር ሌላ ነው። ጌታ ለማርታ ወንድሟ እንደሚነሣ ነገራት፤ ስለ ምን እንደ ሞተባት ግን አልመረመረባትም። ተስፋን ቤተ ክርስቲያን ከጌታዋ ስለ ተቀበለች ካህኑ በሙሉ አፍ ይናገረዋል። የዚህ ልጅ ሞት ስለ ምን በዚህ ቀን፥ በዚህ መንገድ ሆነ? የሚለው ግን በእግዚአብሔር ምክር ውስጥ ያለ ነውና ለካህኑም ለጎረቤቱም አልተገለጠም። ያልተሰጠውን መልእክት የሚያደርስ መልእክተኛ፥ አሳቡ መልካም ቢሆንም፥ ሐሰተኛ መልእክተኛ ነው።

ዮሴፍ ወንድሞቹ በክፋት ያደረጉበትን እግዚአብሔር ለበጎ እንደ ለወጠው ተናግሮ የለምን? የሚልም ይኖራል። አዎን፥ ተናግሯል። ዳሩ ግን የተናገረው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። ተናጋሪው በጕድጓድ የተጣለው፥ በወኅኒም የታሰረው ዮሴፍ ራሱ ነው፤ የተናገረውም ብዙ ዘመን ካለፈ፥ አባቱም ከሞተ በኋላ ነው። ይህንኑ ቃል ወንድሞቹ በጕድጓዱ አፍ ቆመው፥ ለበጎህ ነው፤ ብለውት ቢሆን ኖሮ ከሽያጩ የባሰ ግፍ በሆነ ነበር። ስለዚህ የመከራን ትርጕም መናገር የባለ መከራው ነው። እርሱ በጊዜው፥ እግዚአብሔር ሲገልጥለት፥ ይናገረው ይሆናል፤ እስከ ሞቱም ላይናገረው ይችላል። ሌላው ሰው ቀድሞ ሊናገርለት አይገባም።

ይህ ነገር በቅኔ ቤት በሌላ መንገድ ይታወቃል። አንጥረኛ የወርቁን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይገባል። ሰሙን የናቀ ወይም የቸኰለ አንጥረኛ ቅርጹ ይፈርስበታል። ቅኔም በተነገረ ጊዜ ሰሙን ሳያደምጥ ወደ ወርቁ የሚዘለውን ተማሪ መምህሩ ይመልሰዋል፤ ባለቅኔው ያላሰበውን ወርቅ የሚጭንበትንም ይገሥጸዋል። የልጁ ስም፥ የተሸጠው በሬ፥ ያልተገነዘው ሬሳ፥ የእናቲቱ ጩኸት፥ ይህ ሁሉ ሰም ነው፤ ሳያደምጡት ሊያልፉት አይገባም። ለበጎ ነው ብሎ የሚቸኵል አጽናኝ ሰሙን ረግጦ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ነው።

ደግሞም፥ ኀዘንተኛው ራሱ፥ ስለ ምን? ብሎ ቢጮኽ አለማመን ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ። ይህም ፍርሃት መሠረት የለውም። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ የጮኸው ጩኸት ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ነበረ። በዳዊት መዝሙርም ከሌሎቹ ተለይቶ በጨለማ ቃል የሚፈጸም አንድ መዝሙር አለ፤ በግእዙ ዳዊት 87ኛው ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከጸሎት መጽሐፏ አላወጣችውም፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ በተራው ይደግመዋል። ይህም፥ መጽናናት የሌለበት ቀን እንኳ በእግዚአብሔር ፊት ሊነገር እንደሚችል ያስተምራል። ስለ ምን ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ሰው ከእግዚአብሔር ጋራ መነጋገሩን አልተወም።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። አባትየው ልጁን ወደ አደገኛ መንገድ ሰዶት የለምን? ካህኑ ይህን ሰምቶ ዝም ቢል እውነትን መሸሸግ አይሆንበትምን? ይባላል። መልሱ ጊዜንና ስፍራን መለየት ነው። ልጆች ሳይሄዱ በፊት የመንገዱን ሞት በዐውደ ምሕረት መናገር የካህኑ ግዴታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ዝም ያለ ካህን በለቅሶው ቀን ጨካኝ ቢሆን የዘገየ ድፍረት ይሆንበታል። አባትየው ራሱ ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፥ ልጄን ገደልሁት፤ ቢለው ደግሞ ቃሉን ማቃለል አይገባም፤ በደል የሌለበት አስመስሎ ማለፍም አይገባም። ነገር ግን በደሉን በልኩ ይመዝንለት። ችግር አስጨንቆት፥ ልጁም ለምኖት፥ የጎረቤቱም ልጅ ደርሶ ሲረዳ አይቶ የሰደደ አባት አንድ ነገር ነው፤ ሰዎችን በኮንቴይነር አጭቆ በሩን የዘጋ ሰው ሌላ ነው። የሁለቱን በደል አንድ አድርጎ አባትየውን የሚያሸክመው ሰው እውነት ተናገረ አይባልም።

የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ የሚለውም ቃል ከዚሁ ጋራ ይመረመራል። ምእመን ስለ ራሱ ሲለው የመገዛት ጸሎት ነው፤ ጌታም በጌቴሴማኒ እንዲህ ጸልዮአል። ሌላው ሰው በችኰላ ሲለው ግን የሰውን ግፍ በእግዚአብሔር ስም ይሸፍናል። በኢትዮጵያ ሰውን የሚነግዱና በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግሩ ሰዎች የሚቀጡበት አዋጅ ቍጥር 1178 በ2012 ዓ/ም ወጥቷል። በለቅሶ ቤት ሁሉም፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ብሎ ከተለያየ ግን ደላላው የሚከሰሰው በማን ምስክርነት ነው? እርሱ በማግሥቱ ወደ ሌላው ቤት ሄዶ የሌላውን አባት በሬ ያሸጣል። በወንጌል ምሳሌ የተነገረላት መበለት በዓመፀኛው ዳኛ ደጅ እየተመላለሰች ፍርድ መፈለጓ እምነት ሆኖ ተቈጥሮላታል። እንግዲህ ክርስቲያናዊ መጽናናት ፍርድ መፈለግን አያስተውም፤ ያዘነውን ሰው ቆሞ ለመናገር ያበረታዋል እንጂ።

ምክንያቱን አለመናገር ከተገባ፥ አጽናኙ ምን ይዞ ይሂድ? የሚል ቢኖር፥ ሥርዓቱና ልማዱ አስቀድመው መልሰውለታል። መጀመሪያው መቀመጥ ነው። በሀደሮና በአካባቢዋ የኦርቶዶክስ፥ የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ምእመናን ጎረቤታሞች ናቸው፤ ለቅሶ በሆነ ጊዜ ግን በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። ቡና የሚያፈላው፥ ቆጮና ንፍሮ የሚያመጣው፥ ውኃ የሚቀዳው፥ ከብቱን የሚያግደው ጎረቤት ስለ መከራው ምክንያት ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ብቻህን አይደለህም የሚለውን ቃል በሥራ ተናግሯል።

ሁለተኛው የጊዜው ሥርዓት ነው። ሠልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅና ሙት ዓመት ተብሎ የተደለደለው የመታሰቢያ ቀን ኀዘን በአንድ ቀን እንደማያልቅ ያወቁ አባቶች የሠሩት መሰላል ነው። ዛሬ ተጽናና ብሎ አያስቸኵልም፤ ዘመንህን ሁሉ አልቅስ ብሎም አይተውም። ተዝካሩ ከዐቅም በላይ ድግስ ሆኖ ባለ ዕዳውን ሌላ ዕዳ ያገባው እንደ ሆነ ግን ሥርዓቱ የወጣለትን ነገር አፍርሷል፤ ይልቁንም ለደላላ ሲል በተበደረ ቤት ካህኑ፥ በጸሎትና በጥቂት ቍርባን ይበቃል፤ ብሎ ቢያሳርፈው ትልቅ ማጽናናት ነው።

ሦስተኛው ስሙን መጥራት ነው። ሬሳው በባዕድ አገር ቢቀርም ካህናት በስመ ክርስትናው ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱለታል፥ በቅዳሴም ይታሰባል። እናቲቱ ፊቱን አላየችም፤ መቃብሩም የት እንዳለ አታውቅም፤ ነገር ግን ስሙ በመሠዊያው ፊት ሲጠራ ትሰማለች። የሞዛምቢክ አፈርና የከምባታ አፈር በእግዚአብሔር ዘንድ ልዩነት የላቸውም፤ ከዚያም ከዚህም ያስነሣል። ካህኑ በሙሉ ሥልጣን የሚናገረው ተስፋ ይህ ነው።

በዚያው በጎረቤት አገር በወላይታ ሶዶ ብዙ ዘመን የኖሩት አባ መላኩ በ1968 ዓ/ም ፓትርያርክ ሆነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ እስከ ዕረፍታቸውም እስከ 1980 ዓ/ም ድረስ፥ በ1977 ዓ/ም በነበረው ጽኑ ረኃብ ጊዜም፥ በመንበሩ ላይ ነበሩ። ሕዝቡ ስለ እርሳቸው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ጫማ ሳያደርጉ መሄዳቸውንና ጾማቸውን ነው። የተራበ ሰው ከጾመ አባት ዘንድ በሄደ ጊዜ ስለ ረኃብ ምክንያት ትምህርት ባይሰማም፥ ረኃብን የሚያውቅ ሰው እንዳገኘ ያያል።

ቀድሞ ዋቸሞ የምትባለው፥ ከነሐሴ 2015 ዓ/ም ጀምሮም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተማ የሆነችው ሆሳዕና በበዓሉ ስም ትጠራለች። በሆሣዕና ዕለት ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ በእልልታ ይወጣል። በዚያኑ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ግን ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ የሚደርስ ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሞተው ማን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንም እንደሚሞት አታውቅም፤ አላወቅሁም ብላም ጸሎቱን አታስቀርም። ዘንባባውን በእጇ እንደ ያዘች ስለማታውቀው ሟች ትለምናለች።

ኀዘንተኛን ለማጽናናት የሚሄድ ሁሉ ይህን ሥርዓት ይከተል። ስለ ምን እንደ ሆነ አያውቅምና አይናገር፤ ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ ግን ያውቃልና ይሂድ፥ ይቀመጥ፥ ይጸልይ፥ ዕዳውንም ይካፈል። በባዕድ መንገድ የቀሩትን ልጆች ስማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ፊታቸውን ሳያዩ ላለቀሱ ወላጆችም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።